የመሪ ፓምፕ ፑሊ ማውጫና ማስገቢያ፦ የአንድ ሲልቨራዶ ጉዳይ

መኪናው በፈረንጆች አቆጣጠር የ2004 ቼቭሮሌት ሲልቨራዶ 1500 ነው። ሞተሩ ባለ 5.3 ሊትር ቪ8። ባለቤቱ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በቤት ቀለም ስራ የሚተዳደሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መሰላሉም፣ ቀለሙም፣ ሰራተኛውም የሚጓዘው በዚሁ ፒክአፕ ነው። መኪናው ከቆመ ስራው ይቆማል። እኔ ወደምሰራበት ጋራዥ ያመጡት መሪው ሲዞር ያቃስታል ብለው ነው። "ጠዋት ሳስነሳው ይብስበታል፣ ሲሞቅ ትንሽ ይተወዋል" አሉ። ስሩ ገብተን ስናየው የመሪው ፓምፕ ከፑሊው ኋላ ረጥቧል፤ ፑሊ ቺንጋው የሚያዞረው ክብ ነገር ነው። ዘይቱ በማቀፊያው ላይ ወርዶ፣ አቧራ ይዞ ጠቁሯል።

እንዲህ ሲሆን አንዱ መንገድ የሻፍቱን፣ ማለትም ፑሊው የተሰካበትን ዘንግ፣ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋውን ቀለበት) ብቻ መቀየር ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ሁልጊዜ አያዋጣም። ቺንጋውን አውርደን ፑሊውን ወደ ላይና ወደ ታች ስንነቀንቀው ሻፍቱ ይጫወታል። የሚሽከረከርበት ቡሽ ተበልቷል ማለት ነው። ቡሹ ከተበላ አዲስ ኦይል ሲል ቢገባም ብዙ ሳይቆይ ያፈሳል። ስለዚህ ፓምፑ ይቀየር ተባለ፤ ባለቤቱም ተስማሙ።

የተገዛው ፓምፕ ግን እንደተለመደው ያለ ፑሊ ነው የመጣው። የድሮው ፑሊ ወጥቶ አዲሱ ላይ መግባት አለበት። የምጽፈው ስለዚህች ስራ ብቻ ነው። ፓምፑን ራሱን መፍታትና ማሰር ለማንም መካኒክ ብርቅ አይደለም። አዲስ ፓምፕ በሳምንቱ ሲጮህ ወይም ቺንጋ ሲጥል ግን ጣጣው ብዙ ጊዜ ፑሊው በገባበት መንገድ ላይ ነው። ፑሊው የሚገባበትን መንገድ የሚወስነው ደግሞ የተመረጠው መሳሪያ ነው።

ፑሊው በምን ተይዟል?

አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክ እጁ የለመደው ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ የድሮ ቶዮታዎች ላይ ፑሊው ሻፍቱ ጫፍ ላይ በዳዶ ይታሰራል። ብቻውን እንዳይዞር ደግሞ በሻፍቱና በፑሊው መሀል ትንሽ ብረት ትቀመጣለች። እዚያ ላይ ፑሊውን አንቆ ይዞ ዳዶውን መፍታት ነው ዋናው ስራ። ከዚያ ብዙም ሳይታገል ይወጣል።

ሲልቨራዶው ላይ ዳዶ የለም። በብዙ የጄኔራል ሞተርስ፣ የፎርድና የክራይስለር መኪኖች ላይም እንዲሁ ነው። ፑሊው ሻፍቱ ላይ ተገፍቶ፣ ተጨናንቆ ነው የገባው። የያዘው ጥበቱ ብቻ ነው። መሀል ላይ ያለችውን ጥርስ ያላትን ቀዳዳ አይቶ "እዚህ የነበረው ብሎን የት ሄደ?" የሚል አይጠፋም። ብሎን ኖሮ አያውቅም። ፋብሪካው ቀዳዳዋን ያበጃት ለማስገቢያው መሳሪያ ነው። የፑሊው አንገት ላይ ደግሞ ዙሪያውን የሚዞር ቦይ አለ። እሱ ለማውጫው ነው። ሁለቱን ያየ ሰው የትኛው መሳሪያ እንደሚያስፈልገው ከፑሊው ራሱ ያነበዋል።

ይህ ፓምፕ በሙያው ሰዎች ዘንድ ሳጊኖ ይባላል። ስሙ የመጣው ሚሺጋን ውስጥ ሳጊኖ ከተማ ከነበረው የጄኔራል ሞተርስ የመሪ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ዛሬ ኔክስቲር በሚል ስም ራሱን ችሏል። የዚህ ፓምፕ ቤተሰብ ለአስርት አመታት በብዙ መኪኖች ላይ ስለገባ አንድ መሳሪያ ለብዙ መኪና ይሆናል። ይህ ለሚገዛ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ያሉን አማራጮች

ጋራዡ ውስጥ ባለ ሶስት ጥፍር ፑለር (መጎተቻ) አለ። 20 ቶን የሚጫን ፕሬስ አለ። መዶሻ መቼም አይጠፋም። ለዚህ ስራ ተብሎ የተሰራ ኪት ግን አልነበረንም። ብዙ ጊዜ የሚገቡልን ቶዮታና ሆንዳ ናቸው።

ባለ ሶስት ጥፍሩን ወዲያው ተውነው። ጥፍሮቹ የሚይዙት የፑሊውን ጠርዝ ነው። የዚህ ፑሊ አካል ደግሞ የተጨፈለቀ ላሜራ ነው። ጠርዙን ይዘህ ስትጎትት መሀሉ ሳይንቀሳቀስ ጠርዙ ይጎብጣል። በአይን የማይታይ መጉበጥ እንኳ ሞተሩ ሲነሳ ፑሊውን ያወዛውዘዋል። አንዳንድ መኪኖች ላይ የፑሊው አካል ፕላስቲክ፣ እምብርቱ ብቻ ብረት ነው። እሱማ በጥፍር ከተጎተተ ይሰነጠቃል።

ፕሬሱ ላይ ግን ክርክር ተነሳ። አብሮኝ የሚሰራው ወዳጄ በሙያው ከእኔ የቆየ ነው። "ፕሬስ እያለን ለምን ሌላ መሳሪያ ፍለጋ እንሄዳለን? ፓምፑን ቀጥ አድርገህ አስቀምጠው፣ ፑሊውን ከላይ ጫን፣ አለቀ" አለ። ሀሳቡ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ፕሬስ እንደ መዶሻ አያንቀጠቅጥም፣ ቀጥ አድርጎ ነው የሚጫነው። ኩሽኔታም ቡሽም የምናስገባው በሱ ነው።

ነገር ግን ጉልበቱ የት ሄዶ እንደሚያርፍ ማየት ያስፈልጋል። ፕሬሱ ፑሊውን ከላይ ሲጫን ፑሊው ሻፍቱን ይጫናል። ሻፍቱ ወደ ታች ይገፋል። ከሻፍቱ ኋለኛ ጫፍ ላይ ያለው ሮተር ነው። ሮተሩ ውስጥ ቀጫጭን ቢላዎች አሉ፤ ዘይቱን የሚገፉት እነሱ ናቸው። ሮተሩን ሻፍቱ ላይ የያዘችው አንዲት ቀጭን ቀለበት ናት። ከሮተሩ ግራና ቀኝ ደግሞ በጣም የተስተካከሉ ሳህኖች አሉ፤ በመሀላቸው ያለው ክፍተት ከወረቀት የቀጠነ ነው። በፕሬስም ሆነ በመዶሻ ከላይ የመጣው ሸክም ሁሉ መጨረሻው እነዚህ ላይ ነው። ቀለበቷ ትንሸራተታለች፣ ወይም ሮተሩ ሳህኑን ይፍቃል። ፓምፑ ያኔውኑ አይሞትም። ተገጥሞ፣ ዘይት ተሞልቶ፣ ደምበኛው ወጥቶ ከሄደ በኋላ ይጮሃል። ያን ጊዜ "የማይረባ ፓምፕ ሸጡልን" ይባላል።

የማስገቢያው መሳሪያ አሰራር ከዚህ ይለያል። ረጅም ብሎኑ ሻፍቱ ውስጥ ባለው ጥርስ ገብቶ ሻፍቱን ወደ ውጭ ይስባል። ዳዶው ደግሞ ፑሊውን ወደ ውስጥ ይገፋል። መሳቡም መግፋቱም እዚያው ሻፍትና ፑሊው መሀል ያልቃል። ወደ ፓምፑ ሆድ የሚሄድ ምንም ሸክም የለም። ይህን ለወዳጄ ስነግረው አዲሱን ፓምፕ አንስቶ ሻፍቱን በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገና "ገባኝ፣ በል መሳሪያውን ፈልግ" አለኝ።

አንድ ሌላ መንገድም አለ፤ ብዙ ሰው ቤቱ ይሞክረዋል። ልኩ የሆነ ረጅም ብሎን፣ ዳዶና ወፍራም ዋሸሮች አሰባስቦ ማስገቢያ መስራት። አሰራሩ ከኪቱ ጋር አንድ ነው፤ ሸክሙም ፓምፑ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ከመዶሻና ከፕሬስ በጣም ይሻላል። ጉድለቱ ኪቱ ላይ በዳዶውና በፑሊው መሀል የምትገባው ኩሽኔታ አለመኖሯ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ከዋሸሩ ጋር ይፋተጋል፣ ፍትጊያው ፑሊውንና ሻፍቱን አብሮ ያዞራቸዋል። ሻፍቱ ሲዞር የተያዘው ብሎን ከሻፍቱ እየወጣ ሄዶ በጥቂት ጥርስ ብቻ ይንጠለጠላል። እዚያ ላይ ጉልበት ሲጨመር የሻፍቱ ጥርስ ይጠረጋል። የአዲስ ፓምፕ ጥርስ ከተጠረገ ደግሞ ሱቁ መልሶ አይቀበልህም። ለጨነቀው ሰው የሚሆን መፍትሄ ነው፤ ለጋራዥ አልመርጠውም።

ኪቱን ስንመርጥ ያየነው

የጄኔራል ሞተርስ የጥገና መጽሐፍ ለዚህ ስራ የሚጠራቸው ኬንት-ሙር የሚሰራቸውን ሁለት መሳሪያዎች ነው፦ ማውጫው ጄ-25034፣ ማስገቢያው ጄ-25033። ጥሩ መሳሪያዎች ናቸው፣ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው። ሌሎች ብዙ አምራቾች ማውጫና ማስገቢያውን አንድ ሳጥን ውስጥ አድርገው በጥቂት አስር ዶላሮች ይሸጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ትልልቆቹ የመለዋወጫ ሱቆች መያዣ ተቀብለው መሳሪያ ያውሳሉ። ስትመልስ ገንዘብህን ይመልሱልሃል። እኛም መጀመሪያ የሄድነው ወደዚያ ነው። ለአንድ መኪና መግዛት ግድ አይደለም።

ሱቁ ሳጥኑን አምጥቶ ሲሰጠን እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፈትነው። ይህን ማንም ሰው እንዲያደርገው እለምናለሁ። የውሰት መሳሪያ ብዙ እጅ የነካው ነው። መጀመሪያ የማስገቢያውን ብሎን አነሳሁ። ወደ ሻፍቱ የሚገባው ጫፍ ላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ተጨፍልቀዋል፤ በጥፍር ሲነኩ ሹልነት የላቸውም። ከኔ በፊት የወሰደው ሰው ወይ ግማሽ ድረስ ብቻ አስገብቶ ስቦታል፣ ወይ በአየር ሽጉጥ (በአየር ግፊት በሚሰራ የብሎን መፍቻ) መትቶታል። ኩሽኔታዋም ከሳጥኑ ውስጥ የለችም። ኩሽኔታ የሌለው ማስገቢያ ከላይ ካልኩት የቤት ስሪት ብዙም አይለይም። መለስንለት።

ማውጫው ግን ደህና ነበር። ልብ ማለት የሚያስፈልገውም ይህ ነው። ሰው ሁሉ መሳሪያ ሲመርጥ የሚያስበው ማውጣቱን ነው፤ ዝገት የያዘ ፑሊ ስለሚታየው። ማውጣት ላይ ብትሳሳት ግን ብዙውን ጊዜ የምትጎዳው ሊጣል ያለውን ፓምፕ ነው። ማስገባት ላይ ብትሳሳት የምትጎዳው አዲሱን ነው። እኔ ኪት ስመርጥ የማስገቢያውን በኩል ነው የምመዝነው። ማውጫውን ሁለተኛ አያለሁ።

በመጨረሻ ኪት ገዛን። ወጪውን ከደምበኛው ሂሳብ ላይ አልደመርነውም፤ የጋራዡ ንብረት ነው። ከ2014 ጀምሮ ሲልቨራዶ 1500 ራሱ በኤሌክትሪክ ወደሚታገዝ መሪ ስለዞረ ይህ ስራ ከአመት ወደ አመት መቀነሱ አይቀርም። ቢሆንም በዚህ አካባቢ በድሮ ፒክአፕና ቫን የሚሰራ ሰው ገና ብዙ ነው፤ አበሻውም ጭምር።

ሱቅ ውስጥ ሳጥኖቹን ስናወዳድር ያየናቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። የብሎኑ ጥርስ ከሻፍቱ ጥርስ ጋር አንድ መሆን አለበት። ሳጊኖ ላይ ሶስት ስምንተኛ ኢንች፣ በኢንች 16 ጥርስ ነው። ሌሎች ፓምፖች ሚሊሜትር ጥርስ ስላላቸው ተጨማሪ ብሎን ያለው ሳጥን ይመረጣል። አዲሱን ፓምፕ ይዘን ስለሄድን ብሎኑን እዚያው በጣታችን አስገብተን አየነው። ያለ ቁልፍ፣ ያለ ግፊት፣ እስከ መጨረሻው ገባ። ኩሽኔታዋን በእጃችን አዞርናት፤ ሳትንኮሻኮሽ ዞረች። ማውጫው ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ብረቶች አሉት። ከንፈራቸው ሹል መሆን አለበት፣ የተድቦለቦለ ከንፈር ከቦዩ ይንሸራተታል። ከላያቸው የሚለብሰው ቀለበት ጥብቅ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ጉልበት ሲመጣ ግማሾቹ ተከፍተው ይለቃሉ። ርዝመቱንም አየን። ይህ መኪና ፋኑ የሚዞረው በሞተሩ ነው፣ ከፊት ያለው ቦታ ጠባብ ነው።

ስራው

የፋኑን የላይኛውን ሽፋን ግማሽ አወጣን። ከዚያ ፑሊው ከመነካቱ በፊት የሻፍቱ ጫፍና የፑሊው እምብርት ፊት እንዴት እንደተቀመጡ አየን። ትክክል ለትክክል ናቸው። ያን በስልክ ፎቶ አነሳነው። ብዙ ሰው ይህን ያልፈዋል። ነገር ግን አንዳንድ መኪና ላይ ፑሊው ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚመጣው። አንዴ ከወጣ በኋላ የነበረበትን ቦታ የሚነግርህ የለም።

ቦዩ ውስጥ የተጋገረውን ቆሻሻ በሽቦ ብሩሽ ጠረግን። ግማሽ ጨረቃዎቹ ቦዩ ውስጥ እስከ ስሩ ካልተቀመጡ ከንፈራቸውን ይበሉታል። ቀለበቱን አለበስናቸው፣ የመሀሉን ብሎን ጥርስ ግራሶ ቀባን። ከዚያ በእጅ ቁልፍ ብቻ። አንድ ቁልፍ አካሉን ይይዛል፣ ሌላው የመሀሉን ብሎን ያዞራል። መጀመሪያ ሲይዝ ቋ ብሎ ይጮሃል፤ ያስደነግጣል እንጂ ምንም አልተሰበረም፣ ዝገቱ መልቀቁ ነው። ከዚያ በኋላ እየተንሸራተተ መጣ።

ባለቤቱ ቆመው ያያሉ። "ልጄ፣ ለአንድ ፑሊ ይሄ ሁሉ ስነ ስርዓት?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ይቺ ፑሊ ከተንሻፈፈች ቺንጋው ይወርዳል። ዳይናሞውም የውሃ ፓምፑም በዚሁ ቺንጋ ነው የሚዞሩት። ሀይዌይ ላይ መሪው ይጠነክርቦታል፣ ሞተሩም ይፈላል" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የወጣውን ፑሊ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኝተን አሽከረከርነው። አልጎበጠም። ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ዝገት በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጸዳን፣ ግን ብረቱን አልሞረድንም። የያዘው ጥበቱ ነው ብያለሁ፤ ጥበቱ ከጠፋ ፑሊው አይያዝም።

አዲሱን ፓምፕ መጀመሪያ ቦታው ላይ አሰርን። ማስገቢያው ሌላው ጥቅሙ ይህ ነው፣ መኪናው ላይ እንዳለ ይሰራል። ፑሊውን ሻፍቱ አፍ ላይ በእጅ ቀጥ አድርገን አስቀመጥን። የማስገቢያውን ብሎን በፑሊው መሀል አሳልፈን ሻፍቱ ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገባነው። ከዚያ ብሎኑን በትንሽ ቁልፍ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፣ የሚዞረው ትልቁ ዳዶ ብቻ ነው። የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ብሎኑ አብሮ ከዞረ ስራው ይቁም። ወዳጄ ብሎኑን ያዘ፣ እኔ ዳዶውን አዞርኩ። ጥቂት ዙር፣ ከዚያ ከጎን ማየት፣ እንደገና ጥቂት ዙር። ግማሽ ላይ ስንደርስ ክብደቱ አንድ አይነት ሆኖ ቀጠለ። ድንገት ቢከብድ ኖሮ ተንጋድዶ ገብቷል ማለት ነው፣ ማውጣትና እንደገና መጀመር ያስፈልግ ነበር።

የጥገና መጽሐፉ የሚለው የፑሊው ፊት ከሻፍቱ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን ነው። የሚፈቅደው ልዩነት 0.25 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቀጭን የብረት ማስመሪያ እምብርቱ ላይ አጋድመን 0.25 የሚለውን የፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ) ምላስ ከስሩ ለማሳለፍ ሞከርን። አላለፈም። እንዲያም ሆኖ ረጅም ቀጥ ያለ ብረት ከፑሊው ወደ ጎረቤቱ ፑሊ አጋድመን መስመሩን አየን። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ፑሊው እኩል ገብቶ ማቀፊያው ቢጣመም የመጀመሪያው መለኪያ አያሳይህም።

ከዚያ ያለው የተለመደው ነው። የድሮው ዘይት የብረት ብናኝ ስለያዘ ሙሉ በሙሉ ታጠበ። ፊቱ በክሪክ ተነስቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መሪው ከዳር ዳር ተዞረ፤ አረፋው እስኪጠፋ። አየር ሳይወጣ ሞተር ማስነሳት አዲሱን ፓምፕ ያስጮኸዋል። ያን ጩኸት ሰው ፑሊው ላይ ወይም ፓምፑ ላይ ያላክካል።

ሀገር ቤት ላለ መካኒክ

የአሜሪካ ፒክአፕ አዲስ አበባም አልፎ አልፎ ይገባል። ኪቱ ሱቅ ላይ ካልተገኘ ከላይ ያለው አሰራር ለቶርኖ ቤት በቀላሉ ይነገራል። ማስገቢያው የሚፈልገው ሶስት ነገር ነው፦ የሻፍቱ ጥርስ ያለው ጠንካራ ብሎን፣ ረጅም ዳዶ፣ በዳዶውና በፑሊው መሀል ሸክም በቁም የምትሸከም ኩሽኔታ። ኩሽኔታዋን አትርሱ። ለብሎኑ ደግሞ ለስላሳ ብረት አይሆንም፤ ይለጠጣል፣ ከዚያ ሻፍቱ ውስጥ ይበጠሳል። ጥርሱ የኢንች መሆኑንም ለባለሙያው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። 10 ሚሊሜትር ብሎን በአይን ይቀራረባል፤ ሁለት ዙር ገብቶ ይነክሳል፣ ከዚያ በጉልበት ከተገፋ ጥርሱን ያበላሸዋል። የድሮው ፓምፕ ሻፍት ካለ ይዞ መሄድና በእሱ መለካት ነው የሚሻለው።

ሲልቨራዶው ዘይት ለመቀየር ሲመለስ ማስመሪያውንና ምላሷን እንደገና አመጣን። ፑሊው ከቦታው አልተነቃነቀም። የቺንጋው ጠርዝ አልተፈተፈተም፣ ብናኝም አልጣለም። ፓምፑ ኋላ ደረቅ ነው። መሪው በብርድም ጸጥ ብሏል። አንድ ነገር ብቻ አገኘን፦ የድሮው የመመለሻ ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ትንሽ ያልባል። ማሰሪያውን በአዲስ ቀየርንላቸው፣ ዘይቱን ሞላን፣ ጋሼም መሰላላቸውን ጭነው ሄዱ። ኪቱ አሁን ከፕሬሱ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ሳጥኑ ላይ "በአየር ሽጉጥ አይነካ" ብለን በማርከር ጽፈንበታል።